አንድ ፕሮጀክተር፣ 58 ተማሪ፣ ስልክ የለም፤ ሁሉንም እንዴት ላሳትፍ?

ሰላም መምህርት። ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው፦ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተምራሉ፤ በአንድ ክፍል 58 ተማሪ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ላፕቶፕ ነው፤ ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ፓወር ፖይንት ሲያሳዩ ልጆቹ ጸጥ ብለው ያያሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ሲጠየቁ ግን እጅ የሚያወጡት እነዚያው አምስት ልጆች ናቸው። ስማርት ቦርድ እንዲገዛ ብንጠይቅ ይሻላል ወይ ብለዋል።

ስማርት ቦርዱን ለጊዜው ይተዉት። ሰሌዳ ድረስ ወጥቶ የሚነካው አንድ ተማሪ ነው፤ 57ቱ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በፕላዝማ የተማረ ወይም ያስተማረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ስክሪኑ ትልቅ ነበር፣ ሥዕሉም ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄ ጠይቆ ተማሪው ሳይመልስ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። መምህሩም ማስቆም አይችልም። እርስዎ የሚያስፈልግዎ 58ቱም በአንድ ጊዜ የሚመልሱበት፣ ማን ምን እንደመለሰ እርስዎ ብቻ የሚያዩበት መንገድ ነው። ለዚህ ደግሞ የእርስዎ አንድ ስልክና ወረቀት ይበቃል።

መሣሪያው ፕሊከርስ ይባላል፤ በእርስዎ ስልክ የሚጫን አፕና ለተማሪዎቹ የሚታደሉ የወረቀት ካርዶች ናቸው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ኪውአር ኮድ የሚመስል ጥቁር ቅርጽ አለ፤ በአራቱ ጎኖቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ ደቃቅ ፊደሎች ተጽፈዋል። መልሱ ቢ ነው ያለ ተማሪ ቢ ወደ ላይ እንዲሆን ካርዱን አዙሮ ያነሳል። እርስዎ በስልክዎ ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ሲቃኙ፣ አፑ የካርዱን ቁጥርና አቅጣጫ አንብቦ የተማሪውን ስምና መልሱን ይመዘግባል። የእያንዳንዱ ካርድ ቅርጽ ስለሚለያይና ፊደሎቹ ደቃቅ ስለሆኑ ጎረቤት አይቶ መኮረጅ ይቸግረዋል። ያ በክፍል ውስጥ ተነስቶ የማያውቅ ዝምተኛ ልጅ ሳይሸማቀቅ ይመልሳል። ትልቁ ጥቅሙ ለእኔ ይህ ነው።

ካርዶቹ ከድረ ገጹ በነጻ ይወርዳሉ። 40 ካርድ ያለው መደበኛ ስብስብ ለእርስዎ አይበቃም፤ 63 ካርድ ያለውን ያውርዱ። በአንድ ኤ4 ሁለት ካርድ ሲሆን 32 ወረቀት ይፈጃል። አንዴ ካተሙ ለሁሉም ሴክሽን ያገለግላል፤ 12 ቁጥር ካርድ በ10ኤም በ10ቢም የሮል ቁጥር 12 ተማሪ ይሆናል። ስለዚህ ስም ዝርዝሩን ሲያስገቡ በሮል ቁጥር ቅደም ተከተል ያስገቡት፤ ተማሪው አዲስ ቁጥር ማስታወስ አይኖርበትም። ከ63 በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል ለሁለት ለሁለት አንድ ካርድ ይያዝ።

ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው ኅትመቱ ላይ ተሳስቶ ነው። ቀለሙ ያለቀበት ማተሚያ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል፤ ከኋላ ዴስክ ያለውን ካርድ ስልኩ አያነብም። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ኮፒ ደግሞ ይብስበታል። ካርዱ እንዲበረክት ብለው በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ አያሽጉት፤ የመስኮት ብርሃን ያርፍበትና ግማሹ ቅርጽ ይጠፋል። ከብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ በስሱ ኮላ ቀብተው ይለጥፉት፣ ከዚያም ከባድ መጽሐፍ ጭነውበት ይደር። ኮላው ከበዛ ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ የተጨማደደ ቅርጽም በትክክል አይነበብም። በጥቁሩ ዙሪያ ያለውን ነጭ ጠርዝ ቆርጠው አይጣሉት፤ ስልኩ ጥቁሩን የሚለየው በዚያ ነው፣ ተማሪውም ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያ ነው። ጣት ጥቁሩን ከነካ አይነበብም።

ሲቃኙ የት እንደሚቆሙ ያስቡ። መስኮቱ ከተማሪዎቹ ጀርባ ከሆነ ካሜራው ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ይስተካከልና ካርዶቹ ይጨልማሉ። ብርሃኑ የካርዱ ፊት ላይ እንዲያርፍ ከመስኮቱ በኩል ባለው የፊት ጥግ ይቁሙ። ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚቀመጡ የፊቱ ካርድ የኋላውን ይጋርዳል፤ ስሙ የተመዘገበለት ተማሪ ካርዱን እንዲያወርድ ይንገሩ። ስም ሲመዘገብ ስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ልጆቹ ራሳቸው ያወርዳሉ። ከለመዱት በኋላ 58 ካርድ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጥያቄው። ካርድ ማንሳት በራሱ ተሳትፎ አይሆንም። «የኒውተን ሁለተኛ ሕግ የቱ ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሸመደደ ያነሳል፣ ያልሸመደደ ይገምታል፣ የሚከራከር ሰው አይኖርም። ጥያቄው ተማሪ በተፈጥሮ የሚሳሳትበት መሆን አለበት። ምሳሌ ልስጥዎ፦

ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ጫፍ ላይ ደርሳ ለቅጽበት ስትቆም አክስለሬሽኗ ስንት ነው? ኤ፦ ዜሮ። ቢ፦ 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ወደ ታች። ሲ፦ 9.8 ወደ ላይ። ዲ፦ እንደ ኳሷ ክብደት ይለያያል።

እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ ምክንያት አለው። ኤ ያለው ቬሎሲቲ ዜሮ ሲሆን አክስለሬሽንም ዜሮ ይሆናል ብሎ ነው። ሲ ያለው የወርዋሪው ጉልበት አሁንም ኳሷ ውስጥ አለ ብሎ ያስባል። ዲ ያለው ከባድ ነገር ፈጥኖ ይወድቃል የሚለውን ይዟል። ውጤቱ ሲመጣ የትኛው ስሕተት ክፍሉን እንደያዘው ወዲያው ያያሉ፤ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ምን ላይ እንደሚያውሉት ይነግርዎታል። ለማሟያ ብቻ የገባ፣ ማንም የማይመርጠው አማራጭ ካለ አውጡት፤ ሦስት አማራጭ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አካሄድ የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሠርቶበታል። ጥያቄውን ያንብቡ፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ማንም ሳይናገር ለየብቻ ያስቡ፤ ድምፅ ይስጡ። ትክክለኛውን የመለሰው ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ውይይት ዋጋ የለውም፤ ተመልሰው ያስተምሩ። ከ70 በላይ ከሆነ ባጭሩ አብራርተው ይለፉ። በመካከል ከሆነ ግን መልሱን ሳይናገሩ፣ የውጤቱን ግራፍም ስክሪኑ ላይ ሳያሳዩ «አጠገብህ ያለውን አሳምነው» ይበሉ። ግራፉን ካዩት ሁሉም ወደ ረጅሙ መስመር ይሄዳል፣ ክርክሩም ያበቃል። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይከራከሩ፤ ከዚያ እንደገና ድምፅ ይስጡ። ለዚህ እንዲመች ጥያቄውን ሲያዘጋጁ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያስገቡት፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ድምፅ ለየብቻ ይቀመጣል።

ጥያቄው ፈተናው በሚመጣበት በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ክርክሩ ግን በሚቀናቸው ቋንቋ ይሁን። በአማርኛም በኦሮምኛም ይከራከሩ። እንግሊዝኛ ብቻ ካሉ አምስቱ ልጆች ያወራሉ፣ የቀሩት ዝም ይላሉ፤ ወደ ጀመርንበት መመለስ ነው።

አንድ ጥያቄ በዚህ መንገድ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ይወስዳል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁለት ይበቃል። አምስት ጥያቄ ይዞ የገባ መምህር ውይይቱን ቆርጦ ይሮጣል፤ የሚቀረው ፈተና ብቻ ነው።

ስለ ስላይዱ ጥቂት ልበል። በቀን፣ መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መፍጠር አይችልም፤ ጥቁር ብለው ያስገቡት ብርሃን ያረፈበት ግድግዳ ራሱ ነው። ስለዚህ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ፣ ከ28 ፖይንት ያላነሰ። በአማርኛ የጻፉት በሌላ ላፕቶፕ ሳጥን ሳጥን ሆኖ የሚመጣው ኒያላ የተባለው ፎንት እዚያ ስለሌለ ነው፤ ፓወር ፖይንት ውስጥ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ብለው ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ሲወያዩ ደግሞ በኪቦርድ የእንግሊዝኛውን «ቢ» ፊደል ይጫኑ፤ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ዓይናቸውም ወደ ጓደኛቸው ይዞራል።

መብራት ሲሄድ የሚጎዳው የፕሮጀክተሩ አምፖል ነው፤ ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው ይጠፋል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ክፍለ ጊዜውን አያስጨርስም፤ በሥርዓት ለማጥፋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ግን ይሰጣል። ፕሮጀክተሩ እንደጠፋ ነቅለው አይያዙት፤ ማራገቢያው እስኪቆም ይጠብቁ።

ካሁት ስለሚባለው የኢንተርኔት የጥያቄ ውድድር ሊሰሙ ይችላሉ። ለፈጠነ ነጥብ ስለሚሰጥ እንግሊዝኛ ቀስ ብሎ የሚያነበውን ልጅ ይቀጣል፤ ለየተማሪው ወይም ለየቡድኑ መሣሪያም ይፈልጋል። ኮምፒውተር ላብ ለምዕራፍ ክለሳ ከወሰዷቸው ይጠቀሙበት፤ ሰዓቱን ረዘም አድርገው፣ በቡድን።

ፕሊከርስ በእርስዎ ስልክ ላይ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኔትወርክ በሌለበት ቀን አንድ ኤ4 ለአራት ታጥፎ በየሩቡ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በትልቁ ተጽፎበት ይሠራል። ተማሪው የመረጠው ሩብ ብቻ እንዲታይ አጥፎ ደረቱ ላይ ያደርገዋል፤ ከኋላው ያለው አያየውም። እርስዎ በዓይን ይገምታሉ። ስም አይመዘገብም፤ የ30 እና የ70 በመቶውን ድንበር ለመለየት ግን ይበቃል።

የመጀመሪያውን ቀን በፊዚክስ ጥያቄ አይጀምሩ። «ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ስልክዎ ላይ «ተሳስቷል» የሚል ስም ከመጣ፣ ያ ልጅ ወይ የሌላ ሰው ካርድ ይዟል ወይ ፊደሉን ወደ ጎን አዙሮታል። ዴስኩ ድረስ ሄደው ያስተካክሉለትና ሁለተኛውን ጥያቄ ይቀጥሉ።