የማህተሙ ነገር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ዳባት አጠገብ ወዳለው የዓለምዋጭ መጠለያ ሄዳ የኤርትራ ስደተኞችን ልታነጋግር ነው። ፕሮፖዛሏ አልፏል፣ የትብብር ደብዳቤዋም ወጥቷል። የቀራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ለማነጋግራቸው ሰዎች ብር ልስጥ ወይስ ይቅር?»

«አትስጪ» ብዬ ወዲያው መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

1999 ዓ.ም. ነው፣ ትግራይ ውስጥ የነበረው የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ፣ ሽመልባ። ያኔ ሽሬ ለመድረስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ያሳድራል። ከዚያ ሸራሮ፣ ከዚያ መጠለያው። ቴፕ ሪከርደሬ ድንጋይ ይበላ ስለነበር ሸራሮ ላይ ያለውን ባትሪ ሁሉ ገዝቼ ነበር የገባሁት። ግማሹ የሞተ ነው። ባለሱቁን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የጥናቴ ርዕስ «ስደተኛ ማን ነው?» የሚል ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ በተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ልቤ ተነክቶ ነበር። የጄኔቫው የ1951 ስምምነት ሰውየው በግል የሚያሳድደው እንዳለ ይጠይቃል። የእኛው ግን የውጭ ወረራና የሰላም መደፍረስ ያፈናቀለውንም ይጨምራል። ይህን ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም አወራ ነበር።

አሰብ ያደጉ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ቤታቸው የጭቃ ጡብ ነው፣ በሩ ላይ የሸራ ቁራጭ ሰፍተው እንደ መጋረጃ አንጠልጥለዋል። የመጀመሪያ ቀን ደብዳቤዬን አሳየኋቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ተቀበሉኝ። ጽሑፉን አላነበቡም። አውራ ጣታቸውን ማህተሙ ላይ አድርገው ዙሪያውን ዳበሱት።

«ዩኤን ነው?»

«ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እናቴ።»

«ያው ዩኤን ነዋ።»

ሳቅኩና ስኒዬን አነሳሁ። በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። ሌላ የሠራሁት ነገር የለም።

በነጋታው ስሄድ ያልጠየቅኳቸውን ሁሉ ነገሩኝ። ልጃቸው መቼ እንደታሰረ፣ የትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት ላይ። እንደዚያ በቀን በቀን የሚናገር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ቴፑ ይዞራል፣ እኔ ደስ ብሎኛል። ጨዋታ እንዳልሆነ፣ ፋይል እያስሞሉኝ እንደሆነ አልገባኝም ብል እዋሻለሁ። ገብቶኛል። ያን ጊዜ ወደ አሜሪካ የመሄድ ወሬ ጦፏል፣ ሰው ሁሉ «ፕሮሰሴ የት ደረሰ?» ይላል። ስም ይለጠፋል ሲባል ሰሌዳው ጋ ግፊያ ነው። እሳቸው ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት ከመጠለያው መውጣት አይችሉም። ከመጠለያ ውጭ መኖርን የፈቀደው አሠራር የመጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፣ የመሥራትና የመዘዋወር መብትን ያሰፋው አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ በ2011። ያኔ የነበራቸው በር ያ ሰሌዳ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ስለ አዲስ አበባው ስምምነት አስረዳኋቸው፣ በኩራት። በጥሞና ሰሙኝና፣ «እና እሱ ስሜን ያስገባልኛል?» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን በፌስታል የተጠቀለለ የልጃቸውን ፎቶ አወጡ። «ይሄን ፋይሌ ላይ አያይዝልኝ፣ ልጄ።» ፋይል የለኝም ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን «እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ እኔ ጋ ይጠፋል» አልኳቸው። እንደ አስተዋይ ሰው።

ስወጣ ጎረቤት ሱቅ ያለው ልጅ ጠራኝና ሳቅ እያለ፣ «አንተ ነህ የቡናው እንግዳ?» አለኝ። ቡናውንም ስኳሩንም በዱቤ ነው የወሰዱት። ራሽን ሲታደል በስንዴ ሊከፍሉ። አራት ቀን ሙሉ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

ስለ ናሙና አመራረጥ አልነግራችሁም፣ አማካሪዎቻችሁ አሉ። ተጠያቂው ፈቃደኛ ነኝ ብሎ ስለሚፈርመው ቅጽም እንደዚያው። እኔም አስፈርሜያለሁ። እሳቸው ሲፈርሙ ግን ለአሜሪካ የፈረሙ መስሏቸው ነበር። ቡናው ሳይቆላ በፊት «እኔ ማንንም ስም ዝርዝር ውስጥ አላስገባም» በሉ። በማግስቱም ድገሙት። ሰው መስማት የማይፈልገውን በአንዴ አይሰማም።

የዛሬ ልጆች ከእኛ በላይ ታነባላችሁ፣ እውነት ነው። ግን ጎግል ፎርም በቴሌግራም ልካችሁ «ዳታ ሰበሰብኩ» ስትሉ ደሜ ይፈላል። ሰው ቤት ገብታችሁ ተቀመጡ እንጂ! ደግሞ ይህን እላለሁ፤ እኔም ሰው ቤት ተቀምጬ ያደረግኩትን አይታችኋል። ፎርሙ ቢያንስ የሰው ቡና አይጠጣም።

ስምም አትጻፉ። እኔ ሙሉ ስምና የቤት ቁጥር ጽፌ ነበር። በ2013ቱ የትግራይ ጦርነት ሽመልባና ሌላው መጠለያ ሕፃፅ ወደሙ፣ ሰዉ ተበተነ፣ በግድ ወደ ኤርትራ የተወሰዱም ነበሩ። ያ ደብተር የማይሆን ሰው እጅ ቢገባ ብዬ ሳስብ ይዘገንነኛል።

ጠዋት ላይ ለተማሪዋ እንደገና ጻፍኩላት። «ብር አትስጪ ያልኩሽ እንዳለ ነው። ግን ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ፣ በርከት አድርገሽ።» «ጋሼ፣ እሱ ክፍያ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ነው መሰለኝ። መልስ አልሰጠኋትም።

ከዚያ ደብተሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። የእሳቸው ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌያለሁ፤ «በጣም ጥሩ መረጃ ሰጪ። ተመልሶ መምጣት።»

አልተመለስኩም።