ቤት ሲሠራ ለትምህርት ቤት የሚከፈለው ገንዘብ፦ ከካሊፎርኒያ ጥያቄና መልስ

ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ቤት ሲሠራ የአካባቢው ስኩል ዲስትሪክት (የአካባቢውን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል) ለትምህርት ቤት ሕንፃ የሚውል ክፍያ ይጠይቃል። ስለ ክፍያው ከጠየቃችሁኝ ውስጥ ብዙዎቻችሁን የሚነኩትን እመልሳለሁ። ዓመተ ምህረቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ላይ ክፍል ልጨምር ስል «ፈቃድ ከማግኘትህ በፊት ስኩል ዲስትሪክት ሄደህ ክፈል» ተባልኩ። እኔ እኮ ሪል እስቴት አልሚ አይደለሁም!

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ ግን ሕጉ የሚያየው ስፋቱን ነው። የሚጨምሩት ከ500 ስኩዌር ፊት ካልበለጠ አይከፍሉም። 600 ከሆነ ግን በ2024 በወጣው የክፍያ ጣሪያ (ዲስትሪክቱ ሊያስከፍል የሚችለው ከፍተኛ መጠን)፣ ማለትም በስኩዌር ፊት 5.17 ዶላር፣ 3,102 ዶላር ይመጣል። ጣሪያው በየሁለት ዓመቱ ይከለሳል፣ ከጣሪያው በታች የሚያስከፍል ዲስትሪክትም አለ። ስለዚህ ፕላኑ ሳያልቅ ደውለው ይጠይቁ። ትንሽ ማጥበብ ብዙ ገንዘብ ሊያተርፍልዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ድሮ በታክስ አልነበረም እንዴ የሚሠራው?

መልስ፦ ነበር። በ1978 ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። የንብረት ታክስ ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ ላይ ተገደበ። ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ግምቱ ራሱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ከተሞቹ ግን አደጉ። ልጆች መጡ፣ መማሪያ ክፍል ጠፋ። በ1986 ሕግ አውጪው ዲስትሪክቶች ከአዲስ ግንባታ እንዲያስከፍሉ ፈቀደ። ያኔ ለመኖሪያ ቤት ጣሪያው 1.50 ዶላር ነበር።

በእኔ እምነት ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1998 ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ከተሞች «ትምህርት ቤቶቻችን ሞልተዋል» እያሉ አዲስ ሠፈር ይከለክሉ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን በር ዘጋው። አልሚው የተወሰነለትን ከከፈለ የትምህርት ቤት መጨናነቅ የመከልከያ ምክንያት አይሆንም። አልሚው እርግጠኝነት አገኘ፣ ወላጅ ግን ዋናውን መደራደሪያውን አጣ።

ጥያቄ፦ ለመምህራን ደመወዝ ይውላል?

መልስ፦ አይውልም። ለተለመደ ጥገናም አይሆንም። አዲስ ልጆች ለሚያስፈልጓቸው ክፍሎችና ሕንፃዎች ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሠፈራችን 300 አፓርታማ እየተሠራ ነው። ልጄ ግን አሁንም ግቢ ውስጥ በተደረደሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ነው የምትማረው። ብሩ የት ገባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። እስቲ እናስላው። እያንዳንዱ አፓርታማ 900 ስኩዌር ፊት ነው ብንል፣ በ5.17 ሲባዛ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን አንድ አዲስ ትምህርት ቤት በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ይፈልጋል። ቀሪው ከስቴትና ከአካባቢ ቦንድ፣ ማለትም መራጩ ፈቅዶ መንግሥት ከሚበደረው ገንዘብ፣ መምጣት አለበት። የአካባቢ ቦንድ ከ2000 ወዲህ በ55 በመቶ ድምፅ ያልፋል። በኅዳር 2024 ደግሞ የ10 ቢሊዮን ዶላር የስቴት ቦንድ ጸድቋል። ነባር ባለቤቶች ቦንዱን በድምፃቸው እየጣሉ አዲስ መጪዎች ብቻ ሁሉን ይሸከሙ ማለት ፍትሕ አይደለም።

ዲስትሪክቱ ስንት ሰብስቦ ምን ላይ እንዳዋለ በየዓመቱ ለሕዝብ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታው ነው። የበጀት ዓመቱ ካለቀ በ180 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። ሪፖርቱን ይዘሽ ከሌሎች ወላጆች ጋር የዲስትሪክቱ ቦርድ ስብሰባ ላይ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው ቤት ገዢው አይደል?

መልስ፦ ገበያው ሲሞቅ አዎ፣ አብዛኛው ወደ ገዢውና ተከራዩ ይሻገራል። ሲቀዘቅዝ አልሚው ለመሬቱ የሚከፍለውን ይቀንሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ትናንሽ አፓርታማዎች ጉዳይ ነው። ልጅ የሌላቸው ብዙ ሰዎች የሚኖሩበት ሕንፃ በስኩዌር ፊት እንደ ትልቅ ቤት እኩል ይከፍላል። በመጋቢት 2020 ትራንስፖርት አጠገብ ያሉ አፓርታማዎችን ነፃ የሚያደርግና የሌሎቹን የሚቀንስ ሐሳብ ከትምህርት ቤት ቦንድ ጋር ተያይዞ ቀርቦ ነበር። መራጩ ጣለው። ለብቻው ቢቀርብ እደግፈው ነበር።

ጥያቄ፦ ክፍያው ከልክ ያለፈ ነው ብዬ ባምንስ?

መልስ፦ ፈቃዱ እንዳይዘገይብዎት ይክፈሉ፣ ግን በ90 ቀን ውስጥ ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያስገቡ። በ2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከኤል ዶራዶ ካውንቲ በመጣ የ23,420 ዶላር የመንገድ ክፍያ ክርክር ላይ፣ በሕግ አውጪ የተደነገገ ክፍያም ከግንባታው ጫና ጋር መመጣጠኑ ሊመረመር እንደሚችል ወስኗል። ክፍያው የተመሠረተበትን ጥናት ከዲስትሪክቱ ይጠይቁና ለጠበቃ ያሳዩት።