የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቆየ የእግር ኦርጋን ወናፍ እንዴት ይጠገናል?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ባለፈው ዓመት በምኖርበት ሰፈር የቤት ዕቃ ሲሸጥ ኤስቲ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በእግር እየተረገጠ የሚጫወት የቆየ ኦርጋን በጥቂት ገንዘብ ገዛሁ። እንጨቱ አሁንም ያማረ ነው። ድምፁ ግን ሦስት ወይም አራት ቁልፎች አብረው ሲነኩ ይደክማል፤ እግሬን ለአፍታ ካሳረፍሁም ጭራሹን ይጠፋል። የጀርባውን ሳንቃ ስከፍት የወናፉ ጥቁር ጨርቅ በየማዕዘኑ ተሰነጣጥቆ፣ የቀድሞው ባለቤትም ስንጥቁን በፕላስተር ለጣጥፎት አገኘሁት። አንድ ወዳጄ ቀዳዳዎቹን በማስቲሽና በላስቲክ ቁራጭ ብደፍን እንደሚበቃ ይነግረኛል። ምክሩን ልቀበል? ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ሥራውንስ ራሴ ልሠራው እችላለሁ?

አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እንጨት በጥንቃቄ መለካትና መቁረጥ የሚችል፣ ትዕግሥትም ያለው ሰው ይህን ሥራ በቤቱ ሊሠራው ይችላል። የወዳጅዎን ምክር ግን አይቀበሉ። ማስቲሹ ዛሬ ቀዳዳውን ቢዘጋም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጨርቁ ከጎኑ ሲሰነጠቅ ዳግመኛ የሚከፍተው ሰው እንጨቱን ሳይጎዳ ሊያላቅቀው አይችልም። በእነዚህ መሣሪያዎች ጥገና ላይ አጥብቄ የምይዘው ነገር ቢኖር ዛሬ የምናጣብቀውን ሁሉ ነገ ሌላ ሰው በሰላም እንዲፈታው አድርጎ መሥራት ነው።

ኤስቲ በቬርሞንት ግዛት በብራትልቦሮ ከተማ የነበረ ፋብሪካ ሲሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከጀመረው ሥራ እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ ድረስ ከ500,000 በላይ የእንዲህ ዓይነት ኦርጋኖችን አውጥቷል። እሳት ደጋግሞ ካጠቃው በኋላ ግድግዳቸው በጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ የተሸፈነው ሕንፃዎቹ ዛሬም በከተማው ይታያሉ። ይህን የማነሣው ለታሪኩ ብቻ አይደለም፤ ኦርጋንዎ ብርቅ ስላልሆነ ሰው ደጋግሞ የጠገነው ዓይነት ነው፣ አሠራሩም የታወቀ ነው። በውስጡ የታተመውን ተከታታይ ቁጥር ይመዝግቡት፤ የተሠራበትን ዘመን ለመገመት ይረዳዎታል።

ከመፍታትዎ በፊት አየሩ ወዴት እንደሚሄድ መረዳት ያስፈልጋል። የአገራችን አንጥረኛ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎችን በእጆቹ እያፈራረቀ አየሩን ወደ ከሰሉ ይገፋል። የአሜሪካ ኦርጋንም ሁለት ወናፎች በሁለት እግር ይፈራረቁበታል፤ ነገር ግን አየር አይገፋም፣ ይስባል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሳቢው ወናፍ ይከፈትና ከትልቁ የማጠራቀሚያ ወናፍ አየር ይመጥጣል፤ እግር ሲነሣ ሞላው ሳቢውን መልሶ ይዘጋዋል፣ የተመጠጠውም አየር በውጭ በኩል ባለው የቆዳ ክዳን ይወጣል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያሉት ጠንካራ ሞላዎች ሳንቃውን ወደ ውጭ ስለሚገፉ ውስጡ ዘወትር ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ይኖረዋል። ቁልፍ ሲነካ የክፍሉ አየር በናሱ ምላስ በኩል ወደ ውስጥ ይሮጣል፣ ምላሱም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በእርስዎ ኦርጋን ላይ ቀዳዳ ማለት አየር የሚወጣበት ሳይሆን የሚገባበት ነው።

ይህን ከያዙ ምርመራው ቀላል ነው። ስቶፖቹን፣ ማለት ከቁልፎቹ በላይ ያሉትን የድምፅ መምረጫ መጎተቻዎች ሁሉ ይዝጉ፣ ፔዳሉን ረግጠው ማጠራቀሚያው እስኪጨማደድ ድረስ ይሳቡት፣ ከዚያ እግርዎን አንሥተው ይጠብቁ። ጤነኛ ወናፍ ለመከፈት ቀስ ይላል፤ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየ መልካም ነው። በሁለት ሦስት ሰከንድ ከተከፈተ የሰንደል ጭስ በየስፌቱና በየማዕዘኑ አጠገብ በጥንቃቄ ያስጠጉ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ በሚሳብበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አለ። ጭሱ ከወናፉ ይልቅ ከላይ፣ ምላሶቹ የተቀመጡበት ሳንቃ ከታችኛው ጋር በተጋጠመበት መስመር ከተሳበ ጨርቁን ብቻ መቀየር አይበቃዎትም፤ በመካከላቸው ያለው የቆዳ ማኅተምም መታየት አለበት።

እርስዎ በነገሩን መልክ ግን ጥርጣሬ የለኝም፤ ጨርቁ ዕድሜውን ጨርሷል። የወናፍ ጨርቅ በሁለት የጥጥ ጨርቆች መካከል ስስ ላስቲክ ያለበት ነው። ጥጡ ደህና መስሎ ሳለ ላስቲኩ ከአየር ጋር በዘመናት ብዛት ይደርቃል፣ በታጠፈበት መስመርም ይፈረካከሳል። አንዱን ማዕዘን ቢጠግኑ ሌላው በወራት ውስጥ ይከተለዋል፤ ሁለቱን ሳቢዎችና ማጠራቀሚያውን በአንድ ጊዜ ማልበስ ይበጃል።

ሲፈቱ አይቸኩሉ። በየደረጃው ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የእያንዳንዱን ክፍል ብሎኖች በተለያየ ፖስታ አድርገው የወጡበትን ቦታ ይጻፉበት፤ የዱሮ ብሎን እንቢ ካለ በጠበበ ካቻቢቴ አያስገድዱት፣ ጥርሱን ይበላዋል። የፔዳሎቹን ጠፍሮች ያላቅቁ፤ ወናፉ ሲወጣ ከባድ ስለሆነ ረዳት ይኑርዎት። በውስጡ የአይጥ ኩስ ካገኙ በደረቁ አይጥረጉት፤ አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ጓንት አጥልቀው፣ በፀረ ጀርም ውኃ አርጥበው ያንሡት።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ፦ የማጠራቀሚያውን ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት ሁለቱን ሳንቃዎች በጠንካራ ገመድ አጥብቀው ይሰሯቸው። ሞላዎቹ እንደታመቁ ጨርቁ ቢቆረጥ ሳንቃው በኃይል ይፈናጠራል፣ እጅም ፊትም ይጎዳል። ካሰሯቸው በኋላ ወናፉ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በሳንቃዎቹ መካከል የነበረውን ርቀት ይለኩ፤ በውስጥ በኩል መከፈቱን የሚወስን የሸራ ጠፍር ካለ ርዝመቱን ይመዝግቡ። ሞላዎቹ የት እንደተቀመጡና ጫፋቸው ወዴት እንደዞረ በእንጨቱ ላይ በእርሳስ ያመልክቱ።

የድሮው ጨርቅ መጣያ አይደለም፤ የአዲሱ መቁረጫ ልክ ነው። ሲላቀቅ ስለሚኮማተር ግን በእሱ ብቻ ሳይመኩ ከለኩት ርቀት ጋር ያነጻጽሩት። በውስጥ በኩል የተጣበቁትን ቀጫጭን የካርቶን ገበታዎች በተለይ ይጠብቋቸው። ጨርቁ በሥርዓት ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፤ እነሱን የተወ ሰው ወናፉ ሲሳብ ጨርቁ እንደ ባዶ ከረጢት ተጨማድዶ ያገኘዋል። ከተሰበሩ በተመሳሳይ ውፍረት አዲስ ይቁረጡ፣ በሁለቱ ገበታዎች መካከልም ለማጠፊያው ጠባብ ክፍተት ይተዉ።

በእንጨቱ ላይ የቀረው ሙጫ ከእንስሳ ቆዳ የተሠራ ስለሆነ በሞቀ እርጥብ ጨርቅና በመጠነኛ የካውያ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በስለት በሌለው መፋቂያ ይነሣል። የመጨረሻውን ቅሪት በስስ ብርጭቆ ወረቀት ቢያነሡም የሳንቃውን ጠርዝ እንዳያጎብጡት ይጠንቀቁ። ሳንቃው ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ በስንጥቁ ላይ የስስ ቆዳ ቅዳጅ ይለጥፉበት። የአየር ክዳኖቹንም አሁን ይመልከቱ፤ ቆዳቸው ደርቆ ከተጠማዘዘ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነውና ይቀይሯቸው። ክዳኑ በጣም ከተወጠረ አየር በቀላሉ አያሳልፍም፣ በጣም ከላላም በደንብ አይገጥምም።

ለአዲሱ ልብስ ለኦርጋን ጥገና ተብሎ የሚሸጠውን፣ ሁለቱም ገጹ ጥጥ የሆነውን ባለ ላስቲክ ጨርቅ ይግዙ። አንደኛው ገጹ ፕላስቲክ የሆነ ጨርቅ በዋጋ ቢረክስም የቆዳ ሙጫ አይይዘውም፤ ወፍራም የድንኳን ሸራም ፔዳሉን ያከብደዋል። ነጭ ኮላ እንጨት ለማጋጠም መልካም ቢሆንም እዚህ ቦታ የለውም፤ እንደ ቆዳ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ተመልሶ አይፈታም። የቆዳውን ሙጫ ፍሬ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ካበጠ በኋላ ዕቃውን በሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያሙቁት። ከፈላ ኃይሉን ያጣል። ቶሎ ስለሚረጋ ሙሉውን ዙሪያ በአንድ ጊዜ አይቀቡ፤ መጀመሪያ የሚታጠፈውን የማጠፊያ ጎን፣ ቀጥሎ ፊቱን፣ ከዚያ ጎኖቹን፣ በጥቂት ጣት ርዝመት እየቀቡና በሞቀ እርጥብ ጨርቅ እየተጫኑ ይሂዱ። ማዕዘኖቹ ላይ ጊዜዎን አይቆጥቡ። ጨርቁን በማዕዘን ላይ ቆርጦ ማጋጠም ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሳይቆረጥ ዞሮ የታጠፈ ማዕዘን ነው አየር የሚይዘው። መጋጠሚያው በማጠፊያው በኩል ይሁንና ሌላ ቅዳጅ ይደረብበት።

አንድ ሙሉ ቀን ካደረቁ በኋላ ወናፉን ወደ ሣጥኑ ከመመለስዎ በፊት የላይኛውን የአየር ቀዳዳ በመዳፍዎ ወይም በሳንቃ ዘግተው ሳቢዎቹን በእጅ ይሞክሩ። እዚህ ላይ የሚገኝ ቀዳዳ በደቂቃ ይዘጋል፤ ከተገጠመ በኋላ የሚገኘው ግን እንደገና ሁሉን ያስፈታዎታል።

ጥያቄ፦ በአባቴ ቤት የቆየ የአውሮፓ ሃርሞኒየም አለ። የወናፉ ማዕዘኖች ቆዳ ናቸው። ጥገናው ከአሜሪካው ኦርጋን ይለያል? በቆዳውስ ፋንታ ጨርቅ ማድረግ እችላለሁ?

አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይለያል፣ በዋናነትም በአየሩ አቅጣጫ። አሌክሳንድር ደባን በ1842 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በሃርሞኒየም ስም የባለቤትነት መብት ያወጣበት መሣሪያ አየር የሚገፋ ነው። የማጠራቀሚያው ሞላዎች ወናፉን እንዲዘጋ ይጫኑታል እንጂ እንዲከፈት አይገፉትም፤ ስለዚህ የሰንደሉ ጭስ ከቀዳዳው ተገፍቶ ሲርቅ ያዩታል። ሙጫው፣ ፎቶግራፉና የሞላው ጥንቃቄ ግን ከላይ እንደተጻፈው ነው።

ቆዳውን በቆዳ ይተኩት። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የሚፈለግ ነው፤ ለወናፍ ማዕዘንም ይስማማል። ሲገዙ ቀለምና ቅባት ያልበዛበትን ይምረጡ፤ ቅባት ሙጫውን ያስለቅቃል። አየር መያዙን ለማወቅ ንጹሑን ቁራጭ በከንፈርዎ ላይ አድርገው አየር ለመሳብ ይሞክሩ፤ የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ጠርዙን በስለታም ቢላ አቅጥነው፣ ሻካራውን የሥጋ ገጽ ወደ ሙጫው በኩል አድርገው ይለጥፉት፤ ሳይሳሳ የተለጠፈ ጠርዝ ወናፉ በታጠፈ ቁጥር ይላጣልና።