ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ራስ ምታቱ ከተወኝ ግፊቱስ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። አባቴ በ53 ዓመታቸው በድንገተኛ የልብ ሕመም አርፈዋል። ግፊቴ 160/100 ሆኖ ክኒን ታዘዘልኝ፤ ራስ ምታቱ ሲተወኝ አቋረጥኩት። ለልብ ይጠቅማል ስለተባልኩ ግን በየቀኑ አስፕሪን እወስዳለሁ። አሁን ጤና ጣቢያው ግፊት ያለባቸውን ሰዎች እየመዘገበ በሚከታተልበት ፕሮግራም እንድገባ ጠይቆኛል። ጥቅም አለው ወይስ መሞከሪያ ልሆን ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎ ስለ ፕሮግራሙ ቢሆንም፣ ያስጨነቀዎት ወደ አባትዎ ዕድሜ መጠጋትዎ ይመስለኛል። አባት ከ55 ዓመታቸው በፊት በልብ ሕመም መያዛቸው የልጅን ተጋላጭነት ከፍ ያደርጋል፤ የእርሳቸው ዕጣ ይደርስብዎታል ማለት ግን አይደለም። ዘርዎን መቀየር ባይችሉም ግፊትዎን ማውረድ ይችላሉ።

ይህን ያወቅነውም ሰዎችን መዝግቦ በመከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ በተጀመረው ጥናት 5,209 ነዋሪዎች በየጊዜው እየተመረመሩ ለብዙ ዓመታት ክትትል ባይደረግላቸው ኖሮ፣ ዕድሜ ሲገፋ ግፊት መጨመሩ ምንም አይደለም የሚለው የያኔ ሐኪሞች አስተሳሰብ ብዙ ሰው በጎዳ ነበር። እርስዎ የገለጹት ግን የተለመደ ክትትል እንጂ ሙከራ አይመስልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው ሃርትስ የተባለው አሠራርም ወጥ የሕክምና መመሪያንና ከቀጠሮ የቀረን ታካሚ ፈልጎ መጥራትን ያካትታል። ምርምር ቢሆን እንኳ ያለ ፈቃድዎ ማንም ሊያስገባዎ አይችልም፤ በፈለጉ ጊዜም መውጣት መብትዎ ነው። ይግቡ።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ ልምጣ። ግፊት ማለት ራስ ምታት ነው የሚለው እምነት ከማንኛውም የተሳሳተ ወሬ በላይ ታካሚዎቼን ሲጎዳ አያለሁ። ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ምንም ስሜት የላቸውም፤ ራሱን የሚያመው ሰው ግፊቱ ትክክል ሊሆን፣ ምንም የማያመው ደግሞ 180 ሊሆን ይችላል። እርስዎ ደህና ነኝ ብለው በሚውሉበት ቀን ሁሉ የልብ ጡንቻ እየወፈረ፣ የኩላሊትና የአንጎል የደም ሥሮች እየተጎዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልኬቱን እንጂ ስሜትዎን አይመኑ፤ ሲለኩም ሽንትዎን ሸንተው፣ ቡና ከጠጡ ወይም ሲጋራ ካጨሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አልፎ፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ 5 ደቂቃ ተቀምጠው፣ ክንድዎ በልብዎ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አርፎ፣ ሳያወሩ ይሁን። ቁጥሩ በክኒኑ ምክንያት ወርዶ ቢያገኙት መድኃኒቱ ሠራ ማለት እንጂ ድነዋል ማለት አይደለም።

የታዘዘልዎትን ጥለው ያልታዘዘልዎትን መውሰድዎን ግን በዝምታ ላልፈው አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው አስፕሪ የተባለው ጥናት የልብ ሕመም የሌለባቸውን ከ19,000 በላይ አረጋውያን ተከታትሎ፣ አስፕሪን የልብ ሕመምን በጉልህ ሳይቀንስ ከባድ የደም መፍሰስን እንደሚጨምር አሳይቷል። ባልተያዘ ግፊት ላይ አስፕሪን መጨመር ደግሞ ለአንጎል ደም መፍሰስ መጋበዝ ነው። ሐኪም ያላዘዘልዎት ከሆነ ያቁሙት። (የልብ ሕመም ደርሶባቸው የታዘዘላቸው ሰዎች ይህን አንብበው እንዳያቋርጡ አደራ።)

አይደናገጡ፤ ግፊትዎ በመድኃኒት ሊስተካከል የሚችል ነው። በዚህ ሳምንት የቀረዎትን ክኒንና አስፕሪኑን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ስኳርዎን፣ ኮሌስትሮልዎንና ኩላሊትዎንም ይመርመሩ። ደረትዎን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንገጭላ የሚሄድ ሕመም ቢሰማዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።