የሚያፈስ ራዲያተር በማጣበቂያ ይያዛል ወይ?

ወንድሜ፣ «ራዲያተሬ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ቤት ውስጥ በማጣበቂያ ብደፍነው ይይዛል? የትኛውንስ ልግዛ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ይይዛል፣ ግን ሁሉም ቦታ ላይ አይደለም። አሮጌ መኪና ስነዳ ስለኖርኩ ይህን ሥራ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። የያዘልኝም አለ፣ ያልያዘልኝም አለ። ልዩነቱን ያመጣው ደግሞ ከማጣበቂያው ይልቅ የሚያፈስበት ቦታና የጽዳቱ ነገር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን ፈልግ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩን ከውጭ እጠበውና አድርቀው። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ሲያፈስ የቆየበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ወይም የኩላንቱን ቀለም የያዘ ቅርፊት ይጋገራል፤ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ይመራሃል። ካልታየህ ሞተሩን አስነሳና ሲሞቅ በባትሪ ብርሃን ተመልከት። እጅህን ከማራገቢያው አርቅ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ ሞተር ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ይችላል። ክዳኑን ደግሞ ትኩስ እያለ በፍጹም አትክፈት።

የዛሬዎቹ ራዲያተሮች አብዛኞቹ መሀላቸው አሉሚኒየም ነው፣ ዳርና ዳር ያሉት የውሃ መያዣዎች ግን ፕላስቲክ ናቸው። ሁለቱን የሚያያይዛቸው የታጠፈው የአሉሚኒየም ጠርዝ ሲሆን በመሀል የጎማ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለ። የሚያፈሰው ከዚህ መጋጠሚያ ከሆነ ማጣበቂያውን ተወው። ጎማው ደርቋል፣ ከላይ ብትለስነውም ውሃው ጎን ለጎን ሄዶ በሌላ በኩል ይወጣል። የውሃው ጎማ የሚገባበት አንገት ከተሰነጠቀም እንደዚሁ፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጎማው ስለሚጎትተው አይበረክትም። የድሮው የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ከሆነ ደግሞ ማጣበቂያ ሳታስነካው በቀጥታ ወደሚበይድ ሰው ውሰደው፤ አንዴ ከተቀባ ብየዳው አልይዝ ይላል።

ማጣበቂያ የሚያዋጣው በአሉሚኒየሙ ቱቦ ላይ ላለ ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ በፕላስቲኩ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ላለ ስንጥቅም ለጊዜው ይሆናል። የምትገዛው ሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን፣ የብረት ዱቄት ያለበትንና ማሸጊያው ላይ ከ150 ዲግሪ በላይ እንደሚችል የተጻፈበትን ኢፖክሲ ነው። በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ሙቀት ላይ ይለሰልሳል። ሱፐር ግሉ ሙቀትና እርጥበት አይችልም። ሲሊከን ደግሞ ግፊቱ ይገፋዋል። ውስጡ 1 ባር ገደማ ግፊት እንዳለ አትርሳ፤ ንጹህ ውሃ በ100 ሳይሆን በ120 ዲግሪ አካባቢ እንዲፈላ የሚያደርገው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ውሃውን ከስንጥቁ በታች እስኪሆን አውርድ። የምታወርደውን በዕቃ ያዘው፤ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ልጅም ውሻም ሊቀምሰው ይችላል። ፕላስቲክ ከሆነ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ 2 ሚሊሜትር በምታህል ትራፓኖ ብሳ፣ ካልበሳህ ስንጥቁ ከማጣበቂያው ሥር እየሄደ ይረዝማል። ከዚያ ስንጥቁን በቢላ ጫፍ ሰፋ አድርገህ ዙሪያውን ሁለት ጣት ያህል በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ። የሚያብለጨልጭ ቦታ ከቀረ እዚያ አይይዝም። በአሴቶን በነከርከው ንጹህ ጨርቅ ጥረግ፣ ጨርቁ ጥቁር ማምጣቱን እስኪያቆም ድረስ ጨርቅ እየለወጥክ። ካጸዳህ በኋላ በጣትህ አትንካው። ከውስጥ እርጥበት እያላበ የሚመጣ ከሆነም ጠብቅ፣ በእርጥብ ላይ የተቀባ ሁሉ እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ሁለቱን እኩል አውጥተህ ጥቁሩና ነጩ መስመር ጠፍቶ አንድ ወጥ ግራጫ እስኪሆን አቀላቅል። የመጀመሪያውን በእንጨት ስንጥቁ ውስጥ ጠቅጥቀህ አስገባ፣ ሁለተኛውን ከላይ አልብሰው። ፕላስቲክ ላይ በሁለቱ መሀል የፋይበር መረብ ቁራጭ ብታስገባ በጣም ይረዳል። ከዚያ ቢያንስ 24 ሰዓት አትንካው። ሲነኩት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስትሞላ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል አድርግ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገህ አየሩን አስወጣ፣ ከዚያ ቅርብ ቦታ ብቻ እየነዳህ የሙቀት ጌጁን ተከታተል። ውሃ ውስጥ የሚጨመረውን የማፍሰስ ማቆሚያ ዱቄት ግን እኔ አልመክርም፤ የሂተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

አሉሚኒየም ላይ በደንብ ከተሠራ ረጅም ጊዜ ሲያገለግል አይቻለሁ። ፕላስቲኩ ግን የተሰነጠቀው ሙቀት አድርቆት ስለሆነ ነገ ከጎኑ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ማጣበቂያው ይዞ እያለ አዲሱን ራዲያተር ፈልግ። በደንብ ሠርተኸው እንደገና ከገፋው ደግሞ ክዳኑን አስፈትሽ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አስነስተህ ወዲያው የውሃው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ እያለ ውሃው ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ጋዝ ወደ ውሃው እያስገባ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ሳትነዳ ለመካኒክ አሳየው።