ከለገሃር ሽቅብ በእግር

ባለፈው ሰሞን ባንክ የምትሠራ የጎረቤቴ ልጅ ደጅ አገኘችኝና «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ሂሳብ ላይ ነው የኖሩት። የሥራ ሐሳብ እንቅልፍ ሲነሳዎት ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ። «በእግሬ እሄድ ነበር» አልኳት። ሳቅ ብላ ሄደች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። በእግር መሄድን ያስተማሩኝን ሰው አስታወሰችኝ። እኒያን ሰው በሕይወት ሳሉ አላመሰገንኳቸውም።

ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነው። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ትዳር አልያዝኩም፤ እናቴንና ታናናሾቼን የማስተዳድረው ግን እኔ ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ሂሳብ ተመረመረና 5,400 ብር ጎደለ ተባለ። የብዙ ወር ደሞዜ ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ገንዘብ ጎደለብህ ከተባልክ መጨረሻህ አይታወቅም። ካዝናውን ደጋግመን ቆጠርነው፤ ያው ነው። እህል አልወርድ አለኝ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። እናቴ ፊቴን አይታ «አመመህ እንዴ?» ትለኛለች፤ ምን ብዬ ልንገራት?

የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ስድስት ኪሎ ነው፤ የእኔ ሽሮ ሜዳ። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ የአውቶቡስ ሰልፍ ልይዝ ስል ክንዴን ያዝ አድርገው «ና፣ በእግራችን እንሂድ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ በየማታው አብረን ወጣን።

አንድ ደንብ ነበራቸው። «እስከ ፖስታ ቤት የፈለግከውን አውራ። ከፖስታ ቤት በላይ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል እንዳይወጣህ። ዳገቱን በአፍንጫህ እየተነፈስክ ውጣ።» እኔም ከለገሃር እስከ ፖስታ ቤት አንዴም ሳላርፍ አወራለሁ። ማን ጠቆመብኝ፣ ማን ዓይኑን ገለበጠብኝ፣ ብታሰር ቤተሰቤ ምን ይበላል። እሳቸው ዝም ብለው ይሰማሉ።

ፖስታ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ይቆማሉ። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ሳጥኖች የራሳቸውን በትንሽ ቁልፍ ይከፍታሉ። እጃቸውን አስገብተው እስከ ጥጉ ይዳስሳሉ። መልሰው ይቆልፉና በደንብ መቆለፉን ሳብ አድርገው ያያሉ። ከዚያ «በል እንቀጥል» ይሉኛል። ምን እንደሚጠብቁ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ቸርችል ጎዳና ሽቅብ ነው። ዳገቱ ራሱ አፍ ያስይዛል። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን ማዘጋጃ ቤት ስንደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ የደረቴ ድንጋይ ግን ቀለል ብሎልኛል። ፒያሳ የኬኩ ሽታ ይቀበለናል። (ያ ሰፈር አብዛኛው ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ለእግረኛም ተመችቷል፤ እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የድሮዎቹን ቤቶች ይፈልጋል።) ከዚያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደን፣ እንደገና ወደ ስድስት ኪሎ እንወጣለን።

አንድ ማታ ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ዝም ብዬ ስራመድ 5,400 ለ9 ይካፈላል የሚል ሐሳብ ድንገት መጣልኝ። ሂሳብ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ከተጻፉ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ስንት ጊዜ ካዝና ስንቆጥር ከርመን መዝገቡን ማንም ከደረሰኞቹ ጋር አንድ በአንድ አላስተያየውም ነበር። ደንቡን ጥሼ ነገርኳቸው። ቆም አሉና «ጠዋት በጊዜ ና» ብቻ አሉኝ። በማግስቱ ደረሰኝ ስናገላብጥ አረፈድን። ቀራጩ አምጥቶ ያስረከበው 3,900 ብር መዝገቡ ላይ 9,300 ተብሎ ተጽፏል። ጉድለት የሚባል ነገር አልነበረም።

እኔ በማግስቱ ወደ አውቶቡሴ ተመለስኩ። እሳቸው በእግራቸው መሄዱን አልተዉም። ያረፉት ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ነገሩን የሰማሁትም ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ያኔ አብረን ዳገት በምንወጣበት ጊዜ ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ ደብዳቤው ተቋርጦባቸው ነበር። ለካ ሳጥኑን የሚዳስሱት ለዚያ ነው። እኔ ስለ 5,400 ብር ጆሯቸውን ስበላ እሳቸው ይህን ይዘው ዳገት ይወጡ ነበር። ዛሬም ሳስበው አንጀቴን ይበላዋል። «ጋሼ፣ ደብዳቤው ከማን ነው?» ማለት ምን ነበረበት?

ስለዚህ ልጆቼ፣ ወክ አድርጉ። ለጤና ጥሩ ነው የሚለውን ስለምታውቁት አልደግመውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሰው ሲራመድ ከተቀመጠበት ጊዜ ይልቅ አዳዲስ ሐሳብ እንደሚያፈልቅ አሳይቷል፤ ክፍል ውስጥ ባዶ ግድግዳ እያየ በመሮጫ ማሽን ላይ ቢራመድም እንኳ። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ላለው ጥያቄ ግን መራመዱ አልጠቀመም። የእኔ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው። ከጥናቱ ጋር አልከራከርም። እኔን የጠቀመኝ ድንጋጤዬ መብረዱ ይመስለኛል፤ የደነገጠ ሰው ለ9 ማካፈል ትዝ አይለውም።

የዛሬ ልጆች ሁለት ፌርማታ ለማይሞላ መንገድ ራይድ ስትጠሩ አያለሁ። የምትራመዱትም ጆሯችሁን በማዳመጫ ደፍናችሁ ነው። እርምጃችሁን ስልክ ይቆጥርላችኋል፤ ማታ ቁጥሩ አነሰ ብላችሁ ደግሞ ሌላ ጭንቀት። ስልኩን ቤት ተዉት። ሴቶች ልጆች ግን ያዙት፤ ለከፋውና ነጠቃው እንዳለ አውቃለሁ፣ ሲመሽም ሰው ያለበትን መንገድ ምረጡ። ብቻችሁን ብትሄዱ ሐሳባችሁ ይሰበሰባል እላለሁ። እኔን ያዳነኝ ግን ሰው አብሮኝ መሄዱ ነው። እንግዲህ ሁለቱንም ሞክሩ። ከሰው ጋር ከሆናችሁ መንገዱን ለሁለት ክፈሉት፤ ሲሄዱ የአንዱ ይወራ፣ ሲመለሱ የሌላው።

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ በእግር መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

መነሻ ለምትፈልጉ፣ ከለገሃር ማዘጋጃ ቤት ድረስ ያለው ዳገት አሁንም ጥሩ ነው፤ ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን በማትችሉበት ፍጥነት ውጡት። እንጦጦን ለእሁድ አቆዩት፤ በቡድን ሂዱ፣ ሹራብም ያዙ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁ ሐይቁ ዳር ውረዱ፤ የሐይቁ ዳር ሜዳ ነውና ትንሽ ረዘም አድርጉት።