በአሮጌ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ፎከስ ለተቸገራችሁ

ልጆች፣ በአሮጌ ካሜራ፣ በፊልም ፎቶ ማንሳት መጀመራችሁ ደስ ይለኛል። ቅሬታችሁ ግን አንድ ዓይነት ነው። ከላይ ስታዩት ጥርት ያለው ፊት፣ ፊልሙ ሲታጠብ ፈዞ ይወጣል። ወዲያው በሌንሱ ታሳብባላችሁ። ሌንሱ ብዙውን ጊዜ ምንም አልሆነም።

የላይኛው ሌንስ ለእናንተ ነው። ምስሉ በ45 ዲግሪ በተጋደመ መስታወት ወደ ላይ ይዞርና ሸካራው መስታወት ላይ፣ ማለትም ከላይ ስታዩ ምስሉ በሚታይበት መስታወት ላይ፣ ያርፋል። የታችኛው ለፊልሙ ነው። ሁለቱ ሌንሶች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ። ሸካራው መስታወት ከቦታው ትንሽ ከተዛነፈ ግን እናንተ ሌላ ታያላችሁ፣ ፊልሙ ሌላ ይቀበላል።

ትንሽ ስል ምን ያህል? ያሺካ ማት 124ጂ የተባለውን ካሜራ እንውሰድ፤ ሌንሱ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ሸካራው መስታወት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ 1.5 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ላይ ፎከሱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸሻል። ዓይኑ ላይ ያነጣጠራችሁት ጆሮው ላይ ሊያርፍ ይችላል። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ በ11 ስታነሱ ስህተቱ ይሸፈናል። ቀዳዳው በሰፊው ሲከፈት፣ በ3.5፣ ግን አይምራችሁም።

መጀመሪያ ሸካራው መስታወት ተገልብጦ እንዳይሆን እዩ። ሻካራው ፊት ወደ ታች፣ ወደ ተጋደመው መስታወት መዞር አለበት። ለማጽዳት አውጥቶ ገልብጦ የሚመልሰው ሰው ብዛቱ! የተጋደመውን መስታወት ደግሞ በጨርቅ አትፈትጉት፤ ብሩ የተቀባው ከፊት ለፊቱ ነው፣ ቶሎ ይላጣል።

ከዚያ ወደ ፊልሙ ቤት ሂዱ። ፊልም ሳይኖር የኋላውን ክፈቱ። ፊልሙ የሚያርፍበት የውስጠኛው ሐዲድ ላይ ልክ የሚቀመጥ ሸካራ መስታወት አስቆርጡ፤ ሻካራው ፊት ወደ ሌንሱ ይሁን። በመስታወቱ ፋንታ ፕላስተር ወጥሮ መሥራት የሚመርጡ አሉ፣ እኔ አልወደውም፤ ይረግባል። ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ቢ (B) ላይ አድርጋችሁ በመጫኛው ኬብል ክፍቱን አቆዩት፤ ቀዳዳውን 3.5 ላይ ተዉት። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነገር ፈልጉ፤ ሰማይ ላይ ጎልቶ የሚታይ የኔትወርክ ምሰሶ ይበቃል። የፎከሱን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ርቀት ውሰዱና በማጉያ መነጽር እዩ።

እዚህ ጥርት ካለ የታችኛውን ሌንስ በፍጹም አትንኩት። ካልጠራ ግን ለባለሙያ ስጡት፤ እሱ ሳይስተካከል ላይኛውን መነካካት ድካም ነው።

ታችኛው ደኅና ከሆነ ማዞሪያውን ሳታንቀሳቅሱ ከላይ ተመልከቱ። ፈዟል? እንግዲያው ጥፋቱ ላይኛው ቤት ነው። በብዙዎቹ ካሜራዎች የላይኛው ሌንስ በጥቃቅን ብሎኖች ተይዟል። ብሎኖቹን ላላ አድርጋችሁ ሌንሱን በጥቂቱ አዙሩ፣ ምሰሶው እስኪጠራ። ከሸካራው መስታወት ሥር ቀጭን ወረቀት ማስገባትም ይቻላል፤ ግን አንዱ ጥግ ከሌላው ከፍ ካለ አዲስ ችግር ታተርፋላችሁ።

ዓይናችሁንም ጠርጥሩ። በማጉያው ስታዩ የመስታወቱ ሻካራ ነጠብጣብ ካልታያችሁ ልኬታችሁ ሁሉ ግምት ነው። እኔ መነጽሬን ሳላደርግ አልጀምርም። በሸካራው መስታወት ፋንታ ደማቅ ዘመናዊ እስክሪን ለመግዛት የምትቸኩሉም ቆዩ፤ ውፍረቱ ከቀድሞው ከተለየ ችግሩን ያባብሳል።

አሁን 1 ሜትር ላይ ደግማችሁ ሞክሩ። ሩቁ ተስማምቶ ቅርቡ እምቢ ካለ፣ ወይ ሌንሶቹ የተሸከማቸው ሳህን ተጣሟል፣ ወይ የላይኛው ሌንስ ከሌላ ካሜራ የመጣ ነው። ያ የቤት ሥራ አይደለም።

ሁሉም ከተስማማ አንድ ፊልም ለሙከራ አንሱ። ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ከጎን ዝቅ ብላችሁ አንድ መስመር ላይ ፎከስ አድርጉ። ፊልሙም ያንኑ መስመር ከመረጠ ብሎኖቹን አጥብቁና በላያቸው ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉ። በራሳቸው አይላሉም፤ ሌላ ሰው ከነካቸውም ቀለሙ ተሰንጥቆ ያሳብቃል።